የተልባ ዘይትና የደሴ ዙሪያ አፈር፦ የበርና የግድግዳ ቀለም ከቤት ሲሠራ

የመጀመሪያው ቀለሜ እስካሁን አልደረቀም ብል ብዙ አልዋሸሁም። ቦታው ደሴ ነው፤ የእናቴ የጓሮ በር። ቀይ አፈር ነፋሁ፣ ወጥ ቤት ካገኘሁት የምግብ ዘይት ጋር አማሰልኩ፣ ቀባሁ። መልኩ አምሮ ነበር። ጎረቤት መጥቶ አየልኝ። በሳምንቱ እጅ ይይዛል። በወሩም ይይዛል። ክረምቱ ሲገባ በሩ ላይ ያልተለጠፈ ነገር አልነበረም፦ አቧራ፣ ዝንብ፣ የዶሮ ላባ። እናቴ «በር ነው ወይስ የዝንብ ወጥመድ?» አለችኝ። መጨረሻ ላይ በቢላ ፍቄ አወረድኩት።

አፈሩ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው ዘይቱ ነው። እኔ ደግሞ ዘይት ሁሉ ዘይት ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ በር፣ ጥቂት ሳጥንና አንድ ሙሉ የጭቃ ቤት ቀብቻለሁ። የሚሠራውንና የማይሠራውን እንደ ቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዘይቱ

የውሃ ቀለም የሚደርቀው ውሃው ስለሚተን ነው። ዘይት ግን አይተንም። የሚደርቅ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ይስባል፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ መረብ ይሆናሉ። ሲደርቅ እንዲያውም ክብደት ይጨምራል። ይህን ማድረግ የሚችሉት ግን ጥቂት ዘይቶች ናቸው።

አንደኛው ተልባ ነው። ከተልባ ዘይት ግማሽ ያህሉ ሊኖሌኒክ አሲድ የሚባለው ነው። ኦክስጅንን በጣም የሚወደው እሱ ነው። የአውሮፓ ሠዓሊዎች በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የሠሩበትም ይኸው ዘይት ነው። እኛ ዘንድ ተልባ የደጋ እህል ነው፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ደጋውን ለያዘ ሰው እንግዳ አይደለም። ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በጥብጠን እንጠጣዋለን እንጂ በር ላይ አናስበውም።

ቀጥሎ ኑግ። የኑግ ዘይትም ይደርቃል፤ ቀለም ይሠራበታል። ግን ሊኖሌኒክ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሰባ በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ የሚባለው ወንድሙ ነው። ስለዚህ ቀስ ይላል፣ ሲደርቅም እንደ ተልባ አይጠነክርም። የቤት ውስጥ ሳጥንና መደርደሪያ ላይ እሺ። ዝናብ የሚመታው በር ላይ እኔ አላደርገውም።

ሱፍ ላይ ተጠንቀቁ። እኛ «ሱፍ» የምንለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ እሾሃማው፣ ለጾም ፍትፍት የምናደርገው ነጭ ፍሬ። ሌላው ትልቁ ቢጫ የሱፍ አበባ። የእሾሃማው ዘይት እንደ ኑግ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ጥሩነቱ ከዕድሜ ጋር እንደ ተልባ ወደ ቢጫ አይሄድም። ነጣ ላለ ቀለም ይመረጣል። የሱፍ አበባው ግን እንደ ዘሩ ይለያያል። አንዳንዱ ዘር ጭራሽ የማይደርቅ ዘይት ይሰጣል።

ፓልም፣ የወይራ ዘይት፣ ጉሎ፣ ቅቤ፦ እነዚህን እርሷቸው። የሰሊጥ ዘይትም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጉሎ ቆዳ ያለሰልሳል፤ በር ላይ ግን እስከ ምጽአት አይደርቅም። የኔ በር የዚህ ጎራ ሰለባ ነው።

ካልታመናችሁ በመስታወት ፈትኑ። የተሰበረ መስታወት ቁራጭ አጽዱ። አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉና በጣታችሁ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። አየርና ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጡት። የተልባ ዘይት ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ እጅ አይዝም። ኑግ 2 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ከወር በኋላም የሚያንሸራትት ከሆነ ወጥ ሥሩበት።

የተልባውን ዘይት ማውጣት

ኑግ ከቤት ሲወጣ የሚሠራውን አያቶቻችን ያውቁታል፦ ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ በሙቅ ውሃ እየታሸ ዘይቱ ይለያል። እኔም ተልባውን እንደዚያ ሞከርኩት። ጉድ ፈላ። ተልባ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም፤ እኔ ግን በሥራ መሃል ረሳሁት። ድስት ሙሉ ዝልግልግ ይዤ ቀረሁ። ዘይቱ ዝልግልጉ ውስጥ ታስሮ አልወጣም አለ።

ስለዚህ ወደ ዘይት መጭመቂያ ውሰዱት። ሦስት ነገር አስተውሉ። ተልባው ጥሬ ይሁን፤ የተቆላ ዘይቱ ይጠቁራል። በደንብ የተበጠረና የደረቀ ይሁን። ማሽኑ ደግሞ ከናንተ በፊት የሰው ሰሊጥ ወይም ለውዝ ጨምቆ ከሆነ የመጀመሪያውን ግማሽ ሊትር ለብቻ ያዙት። እኔ ከ4 ኪሎ ተልባ 1 ሊትር ትንሽ ከፍ የሚል አገኛለሁ። ፋጉሎውን እዚያው አትተዉት፤ ከብት ያለው ጎረቤት ያመሰግናችኋል።

ማጠብና በፀሐይ ማወፈር

ከማሽን የወጣ ዘይት ውስጥ ያ ዝልግልግ አሁንም አለ። እንዳለ ከተቀባ ቀለሙ ውሃ ይስባል፣ ክረምት ላይ ይሻግታል። ይታጠባል።

1 ሊትር ዘይት በ3 ሊትር ጀሪካን ውስጥ አድርጉ። 1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ እፍኝ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ ጨምሩ። ክዳኑን ጠበቅ አድርጋችሁ 5 ደቂቃ ናጡ። ቅቤ የናጠ ሰው አይቸገርም። ከዚያ አንድ ቀን ይረፍ። አሸዋው ታች፣ ከላዩ ውሃው፣ መሃል ላይ የደፈረሰ ነጭ ነገር፣ ከሁሉም በላይ ዘይቱ ይቀመጣል። ያ መሃሉ ላይ ያለው ነው ጠላታችሁ። ዘይቱን ብቻ ቀስ ብላችሁ ቅዱ። ይህን 3 ጊዜ ድገሙት፤ መጨረሻውን ጊዜ ያለ ጨው። የመሃሉ ነጭ ነገር ከጠፋ በቂ ነው።

አሁን ፀሐዩ። ሰፊና ጠፍጣፋ ሳህን ያስፈልጋል፤ የሸክላ ወይም የቆርቆሮ ትሪ ይሆናል። ዘይቱን ከ2 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ አፍስሱበት። አቧራና ንብ እንዳይገባ መስታወት ከላይ አድርጉ፣ ግን አየር እንዲገባ በጠጠር ከፍ ይበል። በየቀኑ አማስሉት፤ አለዚያ ከላይ ቆዳ ይይዛል። ደሴ ላይ ይህ የጥቅምትና የኅዳር ሥራ ነው። ከ3 እስከ 5 ሳምንት ውስጥ ዘይቱ ይነጣል፣ እንደ ማር ባይሆንም ይወፍራል። እንዲህ ያለው ዘይት ቀድሞ ይደርቃል፣ ሲደርቅም ያብረቀርቃል።

ማፍላት አይቻልም ወይ? ይቻላል። ድሮ የእርሳስ ውሁድ ጨምረው ያፈሉት ነበር፤ ቶሎ ያደርቃል፣ ግን መርዝ ነው። ልጆች የሚልሱት በርና መስኮት ላይ እርሳስ አይገባም። አገራችንም በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስን በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ ገድባለች። ምንም ሳይጨመርበት ማፍላት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ዘይት ጭስ ካወጣ እሳት ለመሆን ብዙ አይቀረውም። የእንጨት እሳት ላይ ሙቀቱን ማን ይለካል? ፀሐይ ቤት አያቃጥልም። ሳምንቶቹን ጠብቁ።

አፈሩ

ወሎ ውስጥ የአፈር ቀለም ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። መንገድ ሲቆረጥ የተጋለጠውን ዳገት ማየት ይበቃል፤ ቀይ፣ ቡኒ፣ ቢጫማ፣ ግራጫ። ከተዳፋት ሥር ግን አትቆፍሩ። ደሴ ዙሪያ መሬት መንሸራተት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ራሱ የወረደውን ልቅሙ።

የምትፈልጉት አፈር ብረት ያለበትን ነው። ቀዩም ቢጫውም የብረት ዝገት ዓይነት ናቸው። ጥቁሩን መረሬ አትውሰዱ፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ማሳችሁ ላይ የሚያደርገውን በራችሁ ላይም ይደግመዋል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ትንሽ አፈር በምራቅ አርጥባችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አሹት። ሲደርቅ አራግፉት። ወረቀቱ ላይ ጠንካራ መልክ ከተወ አፈሩ ቀለም ነው። የቆሸሸ ጥላ ብቻ ከተወ አፈር ነው።

ቀጥሎ ይታጠባል። ግማሽ ባልዲ አፈር በውሃ በጥብጡ። ሥርና ገለባው ይንሳፈፋል፤ ጣሉት። በደንብ አማስላችሁ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። አሸዋው ታች ይወርዳል። ላዩን ድፍርስ ውሃ ወደ ሌላ ባልዲ ገልብጡ። የምትፈልጉት ያ ድፍርሱ ነው፤ ታች የቀረውን ለምርጊት ጭቃ አድርጉት። ድፍርሱ አንድ ሌሊት ይተኛ። ጠዋት ውሃው ጠርቷል፣ ከታች ለስላሳ ጭቃ ተኝቷል። ውሃውን አንቆርቁሩ። ጭቃውን ጆንያ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ። ከዚያ ወቅጣችሁ በነጠላ ቁራጭ ንፉት። ሁለት ጣት መሃል ሲታሽ እንደ በርበሬ ሳይሆን እንደ ጤፍ ዱቄት ከሆነ ደርሷል። ከግማሽ ባልዲ አፈር ተነስቶ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ አትደንግጡ።

ቢጫ አፈር አግኝታችሁ ቀይ ብትፈልጉስ? ይህን በጣም እወደዋለሁ። አሮጌ ምጣድ ጣዱ። እንጀራ የማይጋገርበት ይሁን። የተነፋውን ቢጫ ዱቄት በስሱ አድርጋችሁ እንደ ቡና ቁሉት። ቢጫው ውስጥ ከብረቱ ጋር የታሰረ ውሃ አለ። ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ውሃው ይወጣል፣ ቢጫው ቀይ ይሆናል። እሳቱ ኃይለኛ ይሁን፣ እጃችሁ አይረፍ። መጀመሪያ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ወደ ቡናማ ቀይ ይሄዳል። ትኩስ ሳለ የሚያሳየውና ሲበርድ የሚኖረው መልክ ይለያያል፤ ሲበርድ አይታችሁ ፍረዱ። አቧራውን እንዳትስቡት አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ።

አንድ የሚጠይቁኝ ነገር አለ፦ እርድስ? እንሶስላስ? እጅና ወጥ ላይ ያምራሉ። ግድግዳ ላይ ግን ፀሐይ ትበላቸዋለች። የእርዱ ቢጫ መስኮት አጠገብ በጥቂት ሳምንት ጠፋብኝ። የአፈር ቀለም ግን መቶ ዓመት ቢያየው አይለቅም።

ጥቁርና ነጭ

ጥቁር ከጥላሸት ነው። ከላምባ መብራት ብርጭቆ ወይም ከድስት ቂጥ በላባ ጥረጉት። ጥላሸት ቅባታም ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ለውሃ ቀለም ካስፈለገ መጀመሪያ በጥቂት አረቄ አርጥቡት፣ ወዲያው ይታዘዛል። አረቄ የማይገባበት ቤት ከሆነ የመድኃኒት ቤት አልኮል ያው ነው። ዘይት ላይ ግን ጥላሸት ማድረቅን ያዘገያል። ብቻውን አትጠቀሙበት፤ ከቡኒ አፈር ጋር ቀላቅሉት። ቡኒው ውስጥ ማንጋኒዝ ካለ ጭራሽ ያፈጥነዋል።

ነጭ ላይ ግን ቁርጡን ልንገራችሁ። በተፈጥሮ ነገር ነጭ የዘይት ቀለም አይወጣላችሁም። ጀሶም ኖራም ውሃ ውስጥ ነጭ ናቸው፤ ዘይት ውስጥ ሲገቡ ብርሃን ያሳልፉና የቆሸሸ መስታወት ይመስላሉ። ኖራ ደግሞ ከዘይት ጋር ሳሙና ይሆናል። ነጭ በር የፈለገ ከሱቅ የቲታኒየም ወይም የዚንክ ነጭ ዱቄት ይግዛ። ይህ ሽንፈት አይደለም።

መፍጨት

ሠዓሊዎች መስታወት ላይ በድንጋይ ይፈጩታል። እኛ ወፍጮና መጅ አለን። ከዚህ የተሻለ የቀለም መሣሪያ የለም። እናቴን ግን ወፍጮዋን አበድሪኝ ማለት አይሞከርም። ለዚህ ሥራ የተሰነጠቀ ወይም የተጣለ ወፍጮ ፈልጉ፤ አንዴ ቀለም ከነካው ለበርበሬ አይመለስም።

100 ግራም የተነፋ አፈር መሃሉን እንደ እሳተ ገሞራ አፍ ክፈቱ። 40 ግራም ዘይት ብቻ አፍስሱ። መጀመሪያ ደረቅ ይመስላል፤ ዘይት ለመጨመር ትቸኩላላችሁ። አትቸኩሉ። 10 ደቂቃ ሲፈጭ ራሱ ይለሰልሳል። አሁንም ከተንኮታኮተ በሻይ ማንኪያ እየቆጠራችሁ ጨምሩ። ቢጫ አፈር ከቀይ የበለጠ ዘይት ይጠጣል፤ 60 ግራም ድረስ ሊሄድ ይችላል። መጁ ሥር የመንኮርኮር ድምፅ ሲጠፋ፣ ቀለሙ እንደ ለውዝ ቅቤ ሲሆን ይበቃል።

ይህ ጥፍጥፉ ነው። ለብሩሽ ይወፍራል። ለመጀመሪያው ቅብ ጥፍጥፉን በአኳራጅ፣ ማለትም በዘይት ቀለም ማቅጠኛው፣ አቅጥኑት። ለሚቀጥለው በዘይት። ለምን እንዲህ እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

በሩን መቀባት

እንጨቱ ይድረቅ። ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ላይ ምንም ቀለም አይቆምም። ጎርባጣውን በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ።

መጀመሪያ ዘይት ብቻ፦ 1 እጅ ዘይት፣ 1 እጅ አኳራጅ። እንጨቱ ይጠጣው። ከ30 ደቂቃ በኋላ ያልጠጣውን ጥረጉት። ይህን የዘለለ በዓመቱ ይጸጸታል። 3 ቀን ጠብቁ።

ከዚያ በአኳራጅ የቀጠነው ቀለም፣ ስስ። ከዚያ በዘይት የቀጠነው፣ እሱም ስስ። ደንቡ ታች ያለው ቅብ ቅባቱ ያነሰ፣ ላይ ያለው ቅባቱ የበዛ ይሁን ነው። ቅባት የበዛበት ቅብ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ቀስ ብሎም ይለጠጣል። እሱ ታች ሆኖ ቶሎ የሚደርቅ ከላይ ከመጣ፣ ታችኛው ሲንቀሳቀስ ላይኛው ይሰነጠቃል። ወፈር አድርጎ አንዴ መገላገል የሚሻ ሰው ቆዳ ብቻ ያገኛል፤ ሥሩ እርጥብ ሆኖ ይሸበሸባል። ሁለት ገጽ ላለው ተራ የእንጨት በር ለአንድ ቅብ ከግማሽ ሊትር በላይ ካስፈለጋችሁ አወፍራችኋል ማለት ነው።

በቅብ መሃል ስንት ቀን? ቦታው ይወስነዋል። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ናት፤ በበጋ 3 ቀን ይበቃል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዱም ጭጋጉም አለ። 5 ወይም 6 ቀን ስጡት። በሐምሌና በነሐሴ አትጀምሩ። ጥፍራችሁን በቀስታ ስትጫኑት ምልክት ካልተወ ቀጣዩን ቀቡ።

ላሜራ በር ያለው ሰው ይጠይቀኛል። ጥቁር ብረት ከሆነ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አውርዱና ቀዩን ቀለም ቀቡ፤ የሱቁ ቀይ አንቲረስትም መልኩን ያገኘው ከብረት ዝገት ነው። አዲስ ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ላይ ግን አትሞክሩ። የተልባ ዘይት ከዚንኩ ጋር ሳሙና ይፈጥርና ቅቡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይወርዳል።

ጨርቁን አትርሱት

ይህን በወፍራም ጻፍልኝ ብትሉኝ እጽፋለሁ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ ከዚያ ይነዳል። ክብሪት አይፈልግም። ዘይቱ ኦክስጅን ሲስብ ሙቀት ያወጣል፤ በር ላይ ሲሆን ሙቀቱ ይበተናል፣ በተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ግን ይታመቃል። በሰዓታት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል። የኔው ጨርቅ አንድ ጊዜ ጥግ ላይ ተጥሎ አገኘሁት፤ ስነካው ከቡና ጀበና ያልተናነሰ ትኩስ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የተከመረ ጭድ ነበር።

ሥራ እንደጨረሳችሁ ጨርቁን ውሃ በሞላ ጣሳ ውስጥ ድፈቁት። ወይም ደጅ ድንጋይ ላይ ነጠላ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ ደርቆ ድርቅ ካለ በኋላ ይጣል። ዘይት የነካው የመጋዝ ብናኝም እንዲሁ ነው።

ለአጥር ሳንቃ፦ የዱቄት ቀለም

ያልተላገ ሳንቃ ላይ የተልባ ዘይት ማባከን ነው። ስዊድኖች ለዚህ መላ አላቸው። ፋሉን የምትባል ከተማቸው ውስጥ ከነበረ የመዳብ ማዕድን የተረፈውን ቀይ አፈር ከዱቄት ጋር ቀቅለው የእንጨት ቤቶቻቸውን ይቀባሉ። ቀዩ የስዊድን ቤት የምንለው ይኸው ነው።

8 ሊትር ውሃ አፍሉ። 650 ግራም የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ እያማሰላችሁ ጨምሩ። 15 ደቂቃ ቀቅሉት፤ ገንፎ ሳይሆን ቀጭን አጥሚት ይመስላል። 250 ግራም የብረት ሰልፌትና 2 ኪሎ ተኩል ቀይ አፈር ጨምራችሁ ሌላ 15 ደቂቃ። መጨረሻ ላይ 1 ሊትር የተልባ ዘይት በቀጭኑ እያንጠባጠባችሁ፣ እያማሰላችሁ፣ ሌላ 15 ደቂቃ። የብረት ሰልፌቱ ከሻጋታ መከላከያ ነው። ካላገኛችሁ ያለሱም ይያዛል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል። ሲበርድ ቀቡ። ሻካራ እንጨት ይፈልጋል፤ በተላገ እንጨት ላይ ይራገፋል።

የጭቃ ግድግዳ ዘይት አይወድም

የጭቃ ቤት ይተነፍሳል። ክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በጋ ይመልሳል። ዘይት ከቀባችሁት አፉን ዘጋችሁት። እርጥበቱ ከኋላ ይገፋና ቀለሙን ከነምርጊቱ ያወርደዋል። ለግድግዳ የሚሆነው የአይብና የኖራ ቀለም ነው።

ቅቤው በደንብ የወጣለት አይብ ይሁን። ጨውና ቅመም የነካው አይሆንም። 5 ኩባያ አይብ አጓቱን አጥልሉ፣ በንጹሕ ውሃ አንዴ አለቅልቁ፣ እንደገና አጥልሉ። የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አድርጉት። የአልሙኒየም ድስት አትጠቀሙ፤ ኖራ ይበላዋል። 1 ኩባያ በውሃ ተነክሮ ያደረ፣ እንደ እርጎ የወፈረ ኖራ ጨምሩና እሹ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ተአምር ታያላችሁ። ፍርፍሩ አይብ ይቀልጣል፣ እንደ ቀጭን ማር ይሆናል። ኖራው የወተቱን ፕሮቲን ወደ ሙጫ ቀየረው ማለት ነው። በወንፊት አጥልሉት።

ቀለሙን አፈር ቀድማችሁ በውሃ አላቁጡትና ጨምሩ። ወደ ወተት ውፍረት አቅጥኑ። ግድግዳውን ውሃ ርጩበት፣ በርጥቡ ቀቡ። በማግስቱ ድገሙ። ሲደርቅ መልኩ በጣም ይነጣል፤ ስለዚህ እርጥቡን አይታችሁ አትፍረዱ፣ መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሩ። ኖራ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ ሕፃን አታስጠጉ።

ደጅ ለሚቀባ ኖራ ብቻ ደግሞ ሜክሲኮዎች የበለስ ቅጠል ይጠቀማሉ። እሾሁ የተነሳለት ቅጠል ተከትፎ ውሃ ውስጥ ሲያድር የሚወጣው ዝልግልግ ከኖራው ጋር ይቀላቀላል፤ እንዳይራገፍ ይይዘዋል። ራያና ሰሜን ወሎ ያላችሁ በለስ ከደጃችሁ ነው። ነገር ግን በለስና ቁልቋልን አታምታቱ! ነጭ ወተት የሚያወጣው ቁልቋል ዓይን ያሳውራል። እሱን እጃችሁ አይንካው።

የአይብ ቀለም አያድርም። በዕለቱ የማትጨርሱትን አትሥሩ፤ በሁለተኛው ቀን ሽታው ከቤት ያስወጣል። እናቴ 5 ኩባያ አይቧን ባልዲ ውስጥ ስገለብጥ ያየችኝ ዕለት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችኝና «ጎመኑን እንግዲህ በኖራ ብላው» ብላኝ ሄደች።

የዘይቱ ጥፍጥፍ ግን ይቆያል። ጠርሙስ ውስጥ እስከ አፉ ሙሉት፣ ከላዩ ጥቂት ውሃ አድርጉበት፤ ውሃው አየር ይከለክላል። በኋላ ውሃውን አንቆርቁራችሁ ትጠቀማላችሁ። ቆዳ ከያዘ በቢላ ዙሪያውን ቆርጣችሁ አንሱት እንጂ መልሳችሁ አታማስሉት፤ በሩ ላይ እንደ ቅንጬ ፍርፋሪውን ታዩታላችሁ።